መሰላሉን የሳብኩበት ጠዋት

የምነግራችሁን ነገር ቢቸና ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በየሻይ ቤቱ ተወርቷል፤ በየባጃጁ ተወርቷል። አንዳንዱ ሲያወራው ጀግና ያደርገኛል። ሌላው ደግሞ «ያቺ የመሪጌታ ልጅ እኮ ናት» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል አለ፤ እሱ ግን የሆነውን እንጂ የተሰማኝን አይናገርም። እስቲ ዛሬ ከሥሩ ጀምሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። ስትጨርሱ የመሰላችሁን በሉኝ።

ፈንታነሽ እባላለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞጣ ቅኔ ያስተምሩ ስለነበር ያደግኩት እዚያው ነው። የእኛና የእማማ ዘይነባ ግቢ በአንድ አጥር የሚዋሰን ነበር። እማማ ዘይነባ ባለቤታቸው ቀድመው የሞቱባቸው፣ ጨርቅ እየነገዱ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ትልቁ ሰይድ እኩያዬ ነው፤ አንድ ክፍል ተምረናል። ታናሹ እንድሪስ ከኋላችን እየተንጠለጠለ ያደገ ነው። ለኢድ ከእነሱ ቤት ቴምርና ዳቦ ይመጣልናል፤ ለገና ደግሞ እናቴ ሥጋው ስለማይሆን ሽሮውን ለይታ ትልክላቸዋለች። አባቴ ወደ ቢቸና ሲዛወሩ እማማ ዘይነባ ዕቃችን የተጫነበት መኪና አጠገብ ቆመው እንዴት እንዳለቀሱ አልረሳውም።

እኔ ኬሚስትሪ ተማርኩና ወደ ምዕራብ ሄድኩ። አንድ የማዕድን ፍለጋ ድርጅት ቤተ ሙከራ ውስጥ ድንጋይ ስፈጭ፣ ስመዝን፣ በአሲድ ሳሟሟ ዓመታት ቆየሁ። እናቴ ስታርፍ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ፤ እኔም ሥራዬን ትቼ ቢቸና ገባሁ። ለመምህርነት አመልክቼ እስኪጠሩኝ ቤት ተቀመጥኩ። የተማረ ሰው ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ታውቁ ይሆናል፤ አንድ ሰው መጥቶ «እባክሽ ይህን አስረጂኝ» እንዲለው ይናፍቃል።

የጠየቀኝ ሰይድ ነው። እሱ ያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ የብየዳና የቁርጥራጭ ብረት ሥራ ከፍቶ ነበር። የተከራየው ግቢ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ሲሆን መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ጉድጓድ ነበረው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። አንድ ቀን ደውሎ «ፈንታ፣ ነይ የማሳይሽ አለ» አለኝ። ስሄድ ጥግ ላይ የተደረደሩ ጆንያዎች አየሁ። ከቤንሻንጉል በኩል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው ያመጣለት።

«መዳብ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

ድንጋዩን በውሃ አርሼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። እንደ ሣር አረንጓዴ ነው።

«እውነት ነው።»

«እዚህ ልናወጣው እንችላለን?»

«በደንብ ነዋ!»

እንዲህ ነው የተጀመረው።

አረንጓዴው ድንጋይ ምንም አላስቸገረንም። አድቅቀን፣ ጉድጓዱ ውስጥ አስጥተን፣ በውሃ የቀጠነ የባትሪ አሲድ አፈሰስንበት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። በፓምፕና በቱቦ ወደ በርሜል ስበን የሰይድን ቁርጥራጭ ብረት ስንጨምርበት ብረቱ እየሟሟ በእሱ ቦታ ቀይ መዳብ ይለጠፍ ጀመር። ያን ቀን እንድሪስም ነበር። እንድሪስ ሞጣ ገበያ ላይ የእናቱን ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ገበያተኛ የሚጠራው ግጥም እየገጠመ ስለሆነ የማይገዛውም ሰው ቆሞ ይሰማዋል። በርሜሉ ላይ አጎንብሶ አየና

«ሰማዩን ቀድታችሁ በርሜል አስገባችሁ፣
ብረት አብልታችሁ መዳብ አወጣችሁ!»

አለን። ማታ ለአባቴ ብነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይህ ልጅ ቅኔ ቤት ገብቶ ቢሆን ያስቀናኝ ነበር» አሉ።

ሰይድ ነገሩን ወደ ትልቅ ሥራ ሊለውጠው ፈለገ። ሥራ ያጡ ልጆች አደራጅቶ ከከተማው ወጣ ያለ የመሥሪያ ቦታ ሊጠይቅ አሰበ። ከወረዳው ሰዎች ጋር ተነጋግሮ «ረቡዕ መጥተን እናያለን» አሉት። ችግሩ አረንጓዴው ድንጋይ አለቀ። የቀሩት ጆንያዎች ሲከፈቱ ውስጣቸው ጥቁር፣ እዚህም እዚያም እንደ ነሐስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው።

«ይኼኛው ሌላ ነው» አልኩት ሰይድን።

«መዳብ የለውም?»

«ከዚያኛው ይበልጥ አለው። ግን መዳቡ ከድኝ ጋር ተቆራኝቷል። አሲድ ብቻውን አያላቅቀውም።»

መንገዶቹን አንድ በአንድ ነገርኩት። ድንጋዩን እንደ ቡና ቆልቶ ድኙን በእሳት ማባረር ይቻላል፤ ጭሱ ግን የሰፈሩን ሰው ያፍናል፣ የጓሮ ጎመን ያቃጥላል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ድንጋዩን ሜዳ ላይ ከምረው አሲድ እያንጠባጠቡበት ለአየርና ለባክቴሪያ ይተዉታል፤ ባክቴሪያው ድኙን እየበላ መዳቡን ይፈታዋል፣ ወራት ግን ይወስዳል። ሌላው ዝገት የሟሟበትን ቀይ ውሃ መጠቀም ነው፤ እሱ ድኙን ከመዳቡ ይገነጥላል፤ እሱም ቢሆን ሙቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ፈንታ፣ ሰዎቹ ረቡዕ ነው የሚመጡት» አለኝ። «ብዙ አልፈልግም። ለዓይን የምትሞላ ትንሽ ብቻ። ካልሆነም ግድ የለም፣ እነግራቸዋለሁ።»

ልብ በሉ፣ «ካልሆነም ግድ የለም» ብሎኛል። አልገፋኝም። «አይሆንም» ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ጥቁሩን ድንጋይ አድቅቀን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርነው። በርሜል ውስጥ ቆይቶ የቀላውን የፊተኛውን ውሃ ደፋሁበት። እሱ ይዘገያል ብዬ አሲዱን ከወትሮው አጠነከርኩት። ለምን ሜዳ ላይ አልሠራሽውም ብትሉኝ፣ ውሃው ሸሽቶ የሰው ከብት እንዳይጠጣው፣ ወንዝ እንዳይገባ ሰግቼ ነው። ክረምት ስለነበር ዝናብ እንዳያቀጥነው የጉድጓዱን አፍ በቆርቆሮ ከደንነው። ስጠነቀቅ፣ ስጠነቀቅ፣ አየር የማያስወጣ ቤት ሠራሁለት ማለት ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ከመዳቡ ሌላ ብረትና ድኝ ብቻ የሆነ ቡናማ ድንጋይ ተቀላቅሎ እንደነበር በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ያ ድንጋይ አሲድ ሲነካው የሚያወጣውን ጋዝ አውቀዋለሁ። ቤተ ሙከራ ሳለሁ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ላይ ጠብታ ጥዬ አሽትቼዋለሁ፤ የገማ እንቁላል ነው የሚሸተው። እዚህ ግን ጥፍር የምታህል አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት እኔና ሰይድ ቆርቆሮውን ስናነሣው ሽታው ፊታችንን መታን። ሁለታችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። ሰይድ እየሳቀ አፍንጫውን ያዘ።

«ክፍቱን እንተወው፣ ይናፈስ» አልኩት።

እሱ ወደ ብየዳው ሄደ፤ እኔ ከጉድጓዱ አልራቅኩም። ውሃው ሰማያዊ መሆኑን ለማየት ጓጉቼ በየጊዜው አጎነብሳለሁ። ትንሽ ራሴን አመመኝ፤ ቁርስ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ከዚያ ሽታው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ደስ አለኝ።

ፓምፑን ብናስነሣው ያጉረመርማል እንጂ ውሃ አያመጣም። ቱቦው ከታች በድንጋይ ጭቃ ተደፍኗል። ሰዎቹ ሊመጡ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በመሰላል ወርዶ የቱቦውን አፍ ማጽዳት አለበት።

በዚህ መሀል እንድሪስ ከሞጣ ደረሰ። እናቱ የላኩትን ዳቦ በብብቱ ይዞ በሩን እንደገባ ቆመ።

«ኡፍ! ምን ሞቶባችሁ ነው? የገማው እንቁላሉ ነው ወይስ የሚመጡት ሹሞች?»

«ቅድም ነበር» አልኩት። «አሁን ጠፍቷል።»

«ኧረ አልጠፋም እትየ ፈንታ! አፍንጫየን ሊቆርጠው ነው።»

«ከውጭ ስለመጣህ ነው። ትለምደዋለህ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ይህ ጋዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው ማሽተቻን ነው፤ ሽታው የጠፋ የሚመስለው ጋዙ ጠፍቶ ሳይሆን አፍንጫ ደንዝዞ ነው። ከአየርም ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል እንጂ ክዳን ስለተከፈተለት አይወጣም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህ ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። ያን ጠዋት ግን የሚሠራ አፍንጫ ይዞ የመጣውን ሰው የደነዘዘ አፍንጫ ይዤ ተከራከርኩት፤ እሱም የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ አመነኝ።

«በሉ እኔ ልውረድ» አለ ጃኬቱን እያወለቀ። «ሰይድ በዚህ ቀዳዳ አያልፍም፣ ሆዱ ይቀራል።»

«ቦት ጫማ አድርግ። ጓንትም። አሲዱ እንዳይነካህ» አልኩት። ለአሲዱ ተጠንቅቄለት ነበር።

የባሕር ዛፉን መሰላል ረግጦ ወረደ። ጭንቅላቱ ከአፉ ሲያልፍ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። እግሩ መሬት ሲነካ ድንጋዩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ «እትየ ፈ...» አለና ስሜን ሳይጨርሰው ወደቀ። የወደቀው እንደ ጆንያ ነው፤ እጁን እንኳ አልዘረጋም።

በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አወቅኩት። የማውቀው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ተመልሶ መጣ።

ሰይድ ድምፁን ሰምቶ «እንድሪስ! እንድሪስ!» እያለ ይሮጣል። ፊቱን ሳይ ምን እንደሚያደርግ ገባኝ። ሆዱ ይቅር አይቅር፣ ቆዳው ተልጦም ቢሆን በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ከገባ አይወጣም። እኔ መሰላሉን ይዤ ሳብኩት።

ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ጉልበት ነበር። ግማሹ ሲወጣ ሰይድ ደርሶ ጫፉን ያዘ።

«ምን እያደረግሽ ነው? መልሺው!»

«ጋዝ ነው! ከወረድክ ትሞታለህ!»

«ወንድሜ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ! ትሞታለህ እልሃለሁ!»

መሰላሉን ከእጁ ነጥቄ ወደ አጥሩ ወረወርኩትና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተዘርሬ ተኛሁበት። ሰይድ በትከሻዬ ጎተተኝ፤ በጠጉሬ ጎተተኝ፤ መታኝ። ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ ትንፋሼን እንደያዝኩ የሲሚንቶውን ጠርዝ ጨመደድኩት። ከሥሬ እንድሪስ ሲያጣጥር ይሰማኛል። ያን ድምፅ እየሰማሁ አልተነሣሁም።

«ኮምፕረሰር!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሸ ሙላት! ኮምፕረሰር!»

ጋሸ ሙላት አጥር ለአጥር ያሉ ጎሚስታ ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው ጎማ ይዘው እንደነበሩ መጡ። አንድ ጊዜ አዩን፤ ምንም ሳይጠይቁ ተመልሰው ረጅሙን የአየር ቱቦ በአጥሩ ላይ አሳለፉልኝ። ወደ እንድሪስ ራስ አወረድኩትና አየሩ መንፋት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ተነሥቼ ሰይድን በሁለት እጄ የያዝኩት።

«ሰይድ፣ ስማኝ። ፌሮ ብረት አጥፍ። መንጠቆ ሥራ። ከላይ ሆነን እናወጣዋለን።»

ለአፍታ ያልሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ ዞሮ ሮጠ። ያን ብረት በእሳት ሳያሞቅ በእጁና በመዶሻ እንዴት እንዳጠፈው እስካሁን ይገርመኛል። ጠርዙ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ወደ ንጹሕ አየር ሄዶ እየተነፈሰ፣ ተመልሶ ትንፋሹን እየያዘ ወንድሙን ይፈልግ ጀመር። መጀመሪያ ቀበቶውን ያዘውና ሲጎትት ቀበቶው ተበጠሰ፤ እንድሪስ ተመልሶ ወደቀ። ሰይድ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሁለተኛው ላይ በብብቱ ሥር ገባለትና በተሰበሰበው ሰው ኃይል፣ በገመድም በብረትም ጎትተን አወጣነው።

ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አፉ አረፋ ይዟል። ግን ይተነፍሳል፤ በየመሀሉ ይቆማል፣ ከዚያ ይተነፍሳል። ባጃጅ ላይ ጭነነው ስንወጣ የወረዳው ሰዎች መኪና በር ላይ ሲቆም አየሁ።

ቢቸና ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጡትና ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር ጻፉለት። እኔም በመንገድ ላይ አስታወከኝ፤ ዓይኔ እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ነበር። አንድ አምቡላንስ ውስጥ ሆነን ሰይድ ዓይኑን ከእንድሪስ ደረት አላነሣም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከፊት ለፊቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እጁ ላይ የብረቱ ቁስል ነበር። ላጥብልህ ስለው እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

እማማ ዘይነባ ከሞጣ ሲደርሱ ሰይድ ቀድሞ ወጥቶ ነገራቸው። ከዚያ እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ተነሣሁና ቆምኩ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንዲመቱኝ ፈለግኩ። ጭንቅላቴን ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

«መሰላሉን ወሰደችብኝ አለኝ ሰይድ። አየ ልጄ! አንቺ ባትኖሪ ዛሬ የማነሣው ሁለት ጀናዛ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ ባልኖር ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርድ ሰውም አልነበረም።»

እጃቸው ጭንቅላቴ ላይ ከበደኝ።

«እሱን አላህ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አሁን ልጆቼን ነው የምቆጥር።» ከዚያ ወደ ሰይድም ወደ እኔም እያዩ «እንድሪስ ከነቃ ግን ይቺን የመሰላል ነገር ማንም እንዳይነግረው» አሉ።

እንድሪስ ብዙ ቀን ሳይነቃ ቆየ። ሲነቃ መጀመሪያ እናቱን አወቀ፤ ከዚያ ሰይድን። እኔን ሲያይ ስሜን ፈለገ፤ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ሐኪሙ በእርጋታ ነገረን፤ አንጎሉ አየር ባጣበት ጊዜ ተጎድቷል፣ የሚመለሰው ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይመለስም። ሞጣ ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብቻውን መንገድ መሻገር አይችልም፤ ቃል ደግሞ እንደ ሩቅ ዕቃ እየተንጠራራ ነው የሚያወርደው። አንድ ቀን እናቱ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብሎ ገበያተኛ ሊጠራ ሞከረ አሉ። የመጀመሪያውን ስንኝ አለ፤ ሁለተኛው አልመጣለትም። ሰው ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ ሄደ።

እኔ በዚያ ሰሞን አሲዱ እንዲከስም ጉድጓዱን በኖራ አከምኩት። በክፍት አየር፣ ከሩቅ፣ በፓምፕ እየረጨሁ፤ ድንጋዩንም ከላይ በባልዲ እየቀዳን አወጣነው። ለፖሊስ የሆነውን በሙሉ ነገርኩ፤ «ትለምደዋለህ» ያልኩትንም። የጻፈው ልጅ ብዕሩን አቁሞ «ይኼ ይጻፍ?» አለኝ። «ይጻፍ» አልኩት።

ጥቂት ወራት አልፈው አባቴ «እንሂድ፣ እንድሪስን እንጠይቀው» አሉኝ። በደብረ ወርቅ በኩል ስንሄድ መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው።

«አባየ፣ ጥፋቴ ነው?»

አባት ነውና አይደለም ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ሽታውን ሳታጣሪ ማውረድሽ፣ አዎ» አሉ። «መሰላሉ፣ አይደለም። ግን ልብሽ ሁለቱን አይለይልሽም፤ እኔም ልለይልሽ አልችልም።»

እማማ ዘይነባ እንደ ድሮው ሳሙኝ። ወንድሙን ሊያስታምም ሞጣ የገባው ሰይድ ቤት አልነበረም፤ ልንመጣ መሆኑን ሰምቶ ወጥቶ ነው። እንድሪስ ፍራሽ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ወፍሯል። ሲያየኝ ስሜን ሳይፈልግ አገኘው።

«እትየ... ፈንታ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አባቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ከእማማ ዘይነባ ጋር ያወራሉ። እንድሪስ እጄን ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር... ልጠይቅሽ። ሰው ሁሉ ሕልም ነው ይለኛል። እማየም ሕልም ነው አለችኝ።»

«ምኑ?»

«ታች ሆኜ... ዓይኔን ገለጥኩ። ላይ ብርሃን አለ። እጄን አላነሣ አለኝ። መሰላሉ... ወደ ላይ ይሄዳል። እየሄደ አየሁት። ከዚያ ጨለመ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መሰላሉን ማን ነው የሳበው?»

የቤቱ ወሬ ቆመ። ከእንድሪስ ትከሻ በስተኋላ እማማ ዘይነባ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁልኝ። አባቴ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው፤ «ሕልም ነው» ማለት። እናቱ ብለውታል፤ ወንድሙ ብሎታል። እኔም ብለው አምኖ ይተኛ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ያ ልጅ በራሱ አፍንጫ ያሸተተውን «የለም» ብዬዋለሁ። በራሱ ዓይን ያየውንም «የለም» ልለው ነው?

«እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁ እጄ ውስጥ እንደተንቀጠቀጠ ነው።

«ሰይድ... ሊወርድ ነበር?»

«አዎ።»

«ይሞት ነበር?»

«አዎ። ሁለታችሁም።»

ብዙ አሰበ። ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ አንዱን ሐሳብ አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል።

«እንኳን ሳብሽው» አለኝ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣ። «ግን... ወደ ላይ ሲሄድ... የመጣሽ ጊዜ ሁሉ አየዋለሁ። እስክጠራሽ... እኔ ጋ አትምጪ።»

ስንወጣ ሰይድን የአጥሩ ጥግ ላይ አገኘሁት። «ነገርሽው?» አለኝ። «ነገርኩት» አልኩት። «እናቴ አመስግናሻለች፤ ልክ ናት» አለ። «እኔ ግን ከላይ ቆሜ ወንድሜ ሲያጣጥር እንድሰማ ያደረግሽኝ ሴት ነሽ። ልክ መሆንሽን አውቃለሁ። ልክ ስለሆንሽ ነው ማንን እንደምጣላ ያጣሁት።» ይህን ብሎ ገባ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ለሥራ የሚሆን ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚህ ታሪክ ሌላው ቢረሳ እሱ አይረሳ። ሰው የወደቀበት ጉድጓድ፣ የውሃም ይሁን የሽንት ቤት፣ የእህልም ይሁን የፋብሪካ፣ ዘላችሁ አትውረዱ። የሚገማው ነገር መሽተቱን ሲተው አትደሰቱ፤ ከውጭ የመጣውን ሰው ጠይቁ፣ ያላችሁንም እመኑት። አየር ንፉ፤ ከላይ ሆናችሁ ጎትቱ። በየገጠሩ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያወጣው፣ ሦስተኛው ሁለቱን ሊያወጣ ወርዶ የተዘጋ ቤት አለ። አሁን ቢቸና ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ ይህን ከመጽሐፉ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ተማሪዎቼ የማን ታሪክ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሌላውን ግን ልመክራችሁ አልችልም። ትክክለኛውን ነገር ያደረገ ሰው ሌሊቱን ይተኛል ይባላል፤ ውሸት ነው። አንድ ጠዋት ላይ የሠራሁት ስህተትና በዚያው ጠዋት የሠራሁት ልክ ነገር አንድ ሰው ላይ አርፈዋል፤ ሰዎች ለሁለተኛው ሲያመሰግኑኝ የመጀመሪያው ይመጣብኛል፣ ለመጀመሪያው ራሴን ስከስስ ሁለተኛው አይረዳኝም። ይህን ይዞ መኖር ይቻላል፤ እየኖርኩ ነው። ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም።

ከሞጣ በየቀኑ መኪና ይመጣል። እማማ ዘይነባ አልፎ አልፎ ሰላምታ ይልኩልኛል፤ እንድሪስ አሁን ብቻውን እስከ መስጊድ ደርሶ እንደሚመለስ ነግረውኛል። እሱ ግን እስካሁን አልጠራኝም። ስልኬ ሲጮህ እሱ ነው ብዬ አነሣለሁ። ባይጠራኝም መብቱ ነው።